ምጥና ሥልጣን፤ ስለ ብሪጊት ጆርዳን «ወሊድ በአራት ባህሎች» የቀረበ ሐተታ

ስለ ወሊድ ልማድ የጻፉ የሰው ባህል ተመራማሪዎች ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ምጥ ሕመም የጻፉ ግን ጥቂቶች ናቸው። እትብቱ በምን እንደ ተቈረጠ፣ የእንግዴ ልጁ ወዴት እንደ ተቀበረ፣ እልልታው ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ይገኛል። እናቲቱ በተጨነቀች ጊዜ ማን ምን እንዳደረገላት፣ ሕመሟን የሚያስታግሥ ነገር በአጠገቧ መኖሩና አለመኖሩ፣ ቢኖርም ይሰጣት ወይም ይቅርባት ብሎ የወሰነው ማን እንደ ሆነ ግን አይነገርም። ተማሪዎቻችን ከየትውልድ ቀያቸው ጽፈው የሚያመጡልንም ዘገባ ከዚህ ጉድለት የጸዳ አይደለም።

ስለዚህ የዶክተር ብሪጊት ጆርዳን «ወሊድ በአራት ባህሎች» የተባለው መጽሐፍ ዛሬም በጥሞና ሊነበብና ሊመረመር የሚገባው ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1978 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በ1980 በማርጋሬት ሚድ ስም የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል፤ በ1993 ደግሞ በሮቢ ዴቪስ ፍሎይድ እጅ ታርሞና ተስፋፍቶ ለአራተኛ ጊዜ ወጥቷል። ደራሲዪቱ በ2016 ዐርፈዋል። አራቱ ባህሎች የተባሉት በሜክሲኮ የዩካታን ማያዎች፣ ሆላንድ፣ ስዊድንና የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ናቸው።

የመጽሐፉን ዋጋ ለማወቅ ከእርሱ በፊት ምን ይባል እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነገር አንድ አሳብ ነበር፤ ይኸውም ምጥ አጥብቆ የሚያሠቃየው የሠለጠነችውን ሴት ነው፤ «ያልሠለጠነችው» ግን ከሥራዋ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ወልዳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች የሚል ነው። የሴይንት ሉዊሱ ሐኪም ጆርጅ ኤንገልማን በ1882 ስለ «ጥንታውያን» ሕዝቦች ምጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሴቶች ተንበርክከው፣ ቁጢጥ ብለው ወይም ገመድ ይዘው ቆመው እንዴት እንደሚወልዱ ብዙ ጠቃሚ ነገር ሰብስቧል። ነገር ግን መረጃው በብዛት የመጣለት ከሌሎች ሰዎች ጽሑፍና ደብዳቤ ነው። የሚያምጠው ሰው ራሱ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ በመካከሉ አይታይም።

ይኸው አሳብ በ20ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዛዊው ሐኪም በግራንትሊ ዲክ ሪድ እጅ ሌላ መልክ ያዘ። ዲክ ሪድ በ1933 ስለ ተፈጥሯዊ ወሊድ፣ በ1942 ደግሞ በኋላ «ያለ ፍርሃት መውለድ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ ጻፉ። ትምህርታቸው ባጭሩ፣ ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፤ መኰማተሩም ሕመምን ይወልዳል፤ ሴቲቱ ከፍርሃት ብትላቀቅ ከሕመሙ አብዛኛው ይቀርላታል የሚል ነው። እኚህ ሰው የሚያምጡ ሴቶች በሆስፒታል ክፍል ብቻቸውን መተዋቸውን በጽኑ ስለ ተቃወሙ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የትምህርታቸው አንዱ ምሰሶ ያው የቆየው ተረት ነው፤ ፍርሃትን ያመጣው ሥልጣኔ ነው፤ ሥልጣኔ ያልደረሰባት ሴት ሕመሙን አታውቀውም ይላሉ። ካናዳዊው የሕመም ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ በ1984 ይህንኑ ተረት በስሙ ጠርተው ተቃውመውታል። በመለኪያቸው እንዳገኙት የምጥ ሕመም ለብዙ ሴቶች ከሚታወቁት ሕመሞች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ ከሴት ወደ ሴት እጅግ ይለያያል፤ አስቀድሞ መማርና መሠልጠን በመጠኑ ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

«አይታመሙም» የሚለው ቃል ውዳሴ ይመስላል፤ ዋጋ ያስከፈለ ውዳሴ ነው። ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም፣ ምጥ ጸንቶባቸው ሽንታቸውን መቈጣጠር የተሳናቸውን በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀደዳቸው። ከእነርሱም የሦስቱ ስም ተመዝግቦልናል፤ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ይባላሉ። አናርካ ብቻዋን ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ኤቴር በቦስተን ከተማ በአደባባይ የታየው በጥቅምት 1846 ስለ ሆነ፣ ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበር የሚለው ምክንያት ለኋለኞቹ ዓመታት አይሠራም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አድራጎት ጥቁር ሴት ሕመምን ትችላለች ከሚለው የዘመኑ እምነት ጋር ያያይዙታል። የሲምስ ሐውልት በ2018 ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተነሥቷል። በሽታው፣ ማለት ፊስቱላ፣ በ1974 በአዲስ አበባ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ሆስፒታል ያቋቋሙለት ያው በሽታ ነው። መነሻውም ማንም ሊደርስለት ያልቻለ፣ ቀናት የፈጀ ምጥ ነው።

ባላገሯ ሴት ሕመም አታውቅም የሚል ሰው፣ ስለ ሌላው አገር ምንም ቢል፣ አማርኛ አያውቅም። ወለደች ለማለት «ተገላገለች» እንላለን፤ መገላገል ማለት ተያይዘው የሚደባደቡትን ማላቀቅ ነው። ለነፍሰ ጡሯ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይባልላታል፤ ለአራሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላታል። መውጣት ከአደጋ ነው፤ መማርም ከሞት ነው። ለምጥ የቅዱስ ሩፋኤል ድርሳን የሚነበበው፣ መልአኩም ማኅፀንን ይፈታል ተብሎ የሚለመነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ሕመሙን የማያውቅ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ በብዙ ቦታ ድምፅ ሳታሰማ የወለደችውን ሴት በጀግንነት ያመሰግናል። ተመራማሪው ወንድ ከሆነ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከደጅ ሆኖ ዝምታውን ይሰማል፤ ሕመም የለም ብሎም ይጽፋል። ብዙው የድሮ ዘገባ የተጻፈው በዚህ ዓይነት ይመስለኛል።

ዶክተር ጆርዳን ከደጅ አልቀሩም። በዩካታን መንደር ከአዋላጅዋ ጋር እየሄዱ በምጥ ሰዓት ተቀምጠዋል። የሚነግሩን ነገር ሕያው ነው። ወላዲቱ የምታምጠው በገዛ ቤቷ፣ ዘወትር በምትተኛበት ተንጠልጣይ የመረብ አልጋ ላይ ነው። እናቷም ባሏም ከአጠገቧ አይለዩም፤ ባልዮው ከኋላዋ ሆኖ ይደግፋታል። ምጡ ሲመጣ በቤቱ ያሉት ሁሉ ከእርሷ ጋር እየተነፈሱ በአንድ ቃል ያበረታቷታል፤ ሲያልፍ ደግሞ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደ ወለዱ ይተርካሉ። ሕመሙን ማንም አይክድባትም፤ ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ያልፋል ይሏታል። ማደንዘዣ መድኃኒት የለም።

በሆላንድ እርግዝና ሕመም አይደለም ተብሎ ይታመናል፤ በጥናቱ ጊዜ ብዙ ሴቶች በአዋላጅ ረዳትነት በቤታቸው ይወልዱ ነበር፤ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አይሰጥም፤ አይጠየቅምም። በስዊድን ወሊድ በሆስፒታል ነው፤ ነገር ግን ወላዲቱ ምን ዓይነት ማስታገሻ እንዳለ አስቀድማ ትማራለች፤ ሰዓቱ ሲደርስም መውሰድ አለመውሰዷን የምትወስነው ራሷ ናት። በአሜሪካ ማስታገሻው አለ፤ ቍልፉ ግን በሐኪሙ እጅ ነው። ሴቲቱ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሕመሟ መድኃኒት የሚገባው መሆኑን ለሌላ ሰው ማስረዳት አለባት። ነርሷ «ገና ነው፤ ጥቂት ታገሺ» ትላለች፤ ወላዲቱ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። እዚህ ላይ ደራሲዪቱ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀውን አስተውሎት ያቀርባሉ፤ ጩኸት የሕመም ልክ ብቻ አይደለም፤ የውሳኔው አሠራር ውጤት ነው። ሕመሙን ማስመስከር ያለበት ሰው ይጮኻል፤ ብትጠይቅ እንደሚሰጣት የምታውቀው ግን መጮኽ አያስፈልጋትም። በአሜሪካ የሚሰማው ጩኸት የሥልጣኔ ድካም ነው፤ በሌላው ስፍራ ያለው ዝምታም የተፈጥሮ ጥንካሬ ነው ሲሉ ለነበሩት ከዚህ የተሻለ መልስ አላነበብሁም።

በዚህ ብልሃት ብቻ መጽሐፉ ይመሰገን ነበር። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል።

አንደኛው ቀላል ነው፤ አራቱ ባህሎች እኩል አልተጠኑም። የዩካታኑ ክፍል በእጅ የተዳሰሰ ዕውቀት ነው፤ የሆላንድና የስዊድኑ ግን የጎብኝ ማስታወሻ ይመስላል። ደራሲዪቱ ይህን አይሰውሩም፤ አንባቢው ግን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲያያቸው ይረሳዋል።

ሁለተኛው ስለ ሆላንድ ነው። ዶክተር ጆርዳን ሴቶቹ መድኃኒት አለመጠየቃቸውን ከባህሉ ጋር መስማማት አድርገው ተርጕመውታል። ለመሆኑ የማይሰጠውን ማን ይጠይቃል? በ2008 የሆላንድ ማደንዘዣ ሰጪዎችና የማኅፀን ሐኪሞች የሴቲቱ ጥያቄ ብቻውን ለማስታገሻ በቂ ምክንያት ነው የሚል መመሪያ ሲያወጡ ጠያቂዎቹ ከየትም አልመጡም፤ ከዚያው ከሆላንድ ናቸው። እርግጥ ነው፣ መጽሐፉ ከመመሪያው ሠላሳ ዓመት ይቀድማል፤ ደራሲዪቱን ባልተፈጸመ ነገር መክሰስ አይገባም። ነገር ግን ዘዴው ራሱ ጉድለት አለበት። በአሜሪካ ጩኸትን በሥልጣን አሠራር ያስረዱ ሰው፣ የሆላንድን ዝምታ ለምን በዚያው ሚዛን አልመዘኑትም?

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ስለ ዩካታን ነው። እያንዳንዱ የወሊድ ሥርዓት ከራሱ ጋር የሚስማማ፣ ባለቤቶቹም የሚያምኑበት ነው የሚለው የመጽሐፉ አሳብ ተመራማሪውን ከትዕቢት ያድነዋል። ነገር ግን ሥርዓቱ እርስ በርሱ መስማማቱና ሴቲቱ ፈቅዳ መግባቷ አንድ አይደሉም። ሌላ መንገድ የሌላት ሴት ይህን መንገድ መረጠች አይባልም። በመረብ አልጋው ዙሪያ ያለው አብሮነት መልካም መሆኑን አልክድም፤ እንዲያውም የኋላ ጥናት መስክሮለታል። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችንና ከ15 ሺሕ በላይ ሴቶችን አገናዝቦ፣ በምጥ ጊዜ ሳይለይ የሚረዳ ሰው ያላቸው ሴቶች ምጣቸው ጥቂት እንደሚያጥር፣ በቀዶ ጥገና መውለድም ማስታገሻ መውሰድም እንደሚቀንስላቸው አግኝቷል። ይህ ለደራሲዪቱ ትልቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ መቀነስ ማለት ማጥፋት አይደለም፤ በጓደኛ እጅ ተይዛ የምትሠቃይ ሴት አሁንም ትሠቃያለች።

መድኃኒቱ ከውጭ የመጣ የሐኪሞች ጭነት ነው ብሎ ማሰብም ከታሪኩ ጋር አይስማማም። በ1847 የኤዲንበራው ጄምስ ያንግ ሲምሰን በጥር ኤቴርን፣ በኅዳር ክሎሮፎርምን ለወላድ በሰጠ ጊዜ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ለሔዋን የተነገረው ጭንቅ ይጠቀስበታል ብሎ አስቀድሞ መልስ አዘጋጀ። ለአዳም ላብና ድካም የተነገረው ቃል ከዚሁ ከዕብራይስጡ ሥር የመጣ ነው፤ እንግዲያስ ገበሬ በበሬ ማረሱም ኀጢአት ሊሆን ነው ሲል ተከራከረ። (የካህናቱ ተቃውሞ የሚወራውን ያህል ብርቱ እንዳልነበረ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ፤ ክርክሩ ግን ክርክር ለሚወድ ሰው ደስ ያሰኛል።) በሚያዝያ 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ከጆን ስኖው እጅ ክሎሮፎርም ወሰደች። በ1914 ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች በጀርመን በፍራይቡርግ ክሮኒግና ጋውስ ይሰጡት የነበረውን የስኮፖላሚንና የሞርፊን «የድንግዝግዝ እንቅልፍ» ለማግኘት ማኅበር አቋቁመው፣ በአደባባይ ተናግረው ሐኪሞቻቸውን ግድ አሉ። የጠየቁት እነርሱ ናቸው።

ያገኙት ግን የጠየቁትን አይደለም። ስኮፖላሚን ትዝታን ይወስድ ነበር እንጂ ሕመምን እንደዚያ አይወስድም፤ ሴቶቹ ይጮኹና ይንፈራገጡ ነበር፤ ሲነቁ አያስታውሱትም። በ1920 የቺካጎው ጆሴፍ ዴሊ፣ ሴቲቱን በመድኃኒት አስተኝቶ፣ ሰውነቷን በመጠኑ ቀድዶ፣ ሕፃኑን በብረት መቆንጠጫ ስቦ ማውጣት ለጤነኛይቱም ወላድ መከላከያ ነው ሲል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አሜሪካዊት እናት ስትወልድ በቦታው ያልነበረች ሰው ሆነች። ዲክ ሪድ፣ ከእርሳቸውም በኋላ በ1951 የሶቪየትን አሠራር አይቶ በፓሪስ የጀመረው ፈርናንድ ላማዝ፣ ያን ያህል ተሰሚነት ያገኙት ለዚህ ነው። ሴቶቹ ሕመሙን ወድደው አልነበረም፤ መገኘትን ፈልገው ነበር። ማደንዘዣን የጠየቀችው ሴትና ማደንዘዣን እምቢ ያለችው የልጅ ልጇ፣ ተቃራኒ ነገር ያሉ ቢመስሉም የጠየቁት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ልጠየቅ፣ ቃሌም ይሰማ ብለዋል። የዶክተር ጆርዳን መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከጥቂት ገጽ በላይ ቢሰጠው ኖሮ የአሜሪካው ክፍል ይበልጥ በተገለጠ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ክርክሩ የሚነሣው በተለይ በኤፒዱራል ላይ ነው። ይህ በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ መድኃኒት አስገብቶ ከወገብ በታች ያለውን ሕመም የሚያደነዝዝ ነው፤ እናቲቱ ነቅታ ትቆያለች። በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በመርፌ ከሚሰጡት የሞርፊን ወገን መድኃኒቶች ይልቅ ሕመምን እንደሚያስታግሥ፣ በቀዶ ጥገና የመውለድን ቁጥር እንደማይጨምር አረጋግጧል፤ በመሣሪያ መሳብን ይጨምራል የተባለውም ከ2005 ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው ምክር፣ ማስታገሻን ለምትጠይቅ ጤነኛ ወላድ ኤፒዱራልን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል፤ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ እንደ ተመቻትም እንድትንቀሳቀስና እንድትቀመጥ ከዚሁ ጋር መክሯል። ነገር ግን ኤፒዱራል ሠልጣኝ ማደንዘዣ ሰጪ፣ የደም ግፊትን የሚጠብቅ ዐይን፣ ሲያስፈልግም ፈጥኖ የሚደርስ የቀዶ ጥገና ክፍል ይፈልጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። እንደ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ቁጥር በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶችም በ2000 ከመቶ ሺሕ ሕያው ልደት 871 የነበሩት በ2016 412 ሆነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መጽሐፉን አንብቦ «እንግዲያስ ሴቶቻችን በቤታቸው ይውለዱ» የሚል ተማሪ ቢኖር አላነበበውም ማለት ነው። መንገዱ የተዘጋበትን ሕፃን ማበረታቻ ቃል አያወጣውም። ይሁን እንጂ በ2011 ወደ ተቋም ያልሄዱት እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከአሥሩ ስድስቱ አያስፈልግም፣ ሦስቱ ደግሞ ልማዳችን አይደለም አሉ። ዶክተር ጆርዳን ቢሆኑ ወዲያው፣ አያስፈልግም ያለው ማን ነው? እርሷ ናት፣ ባሏ ነው፣ ወይስ አማቷ? ብለው በጠየቁ ነበር። ቀጥለውም፣ ወደ ተቋሙ የገባችው ሴት እናቷን፣ ገንፎዋንና «ማርያም ማርያም» የሚሏትን ጎረቤቶች በበሩ ላይ ትታ በጀርባዋ ስትተኛ በምትኩ ምን አገኘች ይሉ ነበር። ሕይወቷን አገኘች የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሕመም ማስታገሻ አላገኘችም፤ ኤፒዱራል ከጥቂት ሆስፒታሎች በቀር አይገኝምና። በቤቷ የነበራትን አጽናኝ ተወች፤ ሆስፒታሉ ሊሰጣት የሚችለውን ደግሞ አልተቀበለችም። በአንዳንድ ጤና ጣቢያ ገንፎና ቡና እንዲፈላ መፈቀዱ መልካም ጅምር ነው፤ የመድኃኒቱ ነገር ግን ገና አልተነሣም።

ደራሲዪቱ በ1989 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ፣ የሜክሲኮ ባለ ልማድ አዋላጆች በመንግሥት ትምህርት ላይ ሲቀመጡ የተማሩት ለጠያቂ የሚመልሱትን ቃል እንጂ አሠራሩን እንዳልሆነ አሳይተዋል። በኛም አገር የልምድ አዋላጆች ለብዙ ዓመታት ሲሠለጥኑ ቆይተው፣ ከ2003 ጀምሮ ሥራው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አዘንብሏል። አሮጊቶቹ ከዚያ ትምህርት ምን ይዘው ተመለሱ? ብለን የመረመርን አይመስለኝም፤ ምስክሮቹም እያለፉ ነው።

ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልጨምር። መጽሐፉ የሚታወቅበት አሳብ በአማርኛ «ሥልጣን ያለው ዕውቀት» ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን «ቃሉ የሚጸና ዕውቀት» ብንለው እመርጣለሁ። «ሥልጣን» ስንል ሹመት ይመጣብናል፤ ደራሲዪቱ የሚሉት ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓይነት ዕውቀት እያለ የአንዱ ብቻ ተቈጥሮ የሌላው እንደሌለ መሆኑን ነው። ትክክል ሆኖ ሳይሆን ተቀባይነት አግኝቶ ነው የሚጸናው፤ ትክክል ሊሆንም ይችላል። በአሜሪካው ክፍል ሴቲቱ መግፋት መጣብኝ ስትል፣ ሐኪሙ መርምሮ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ቃሏ አይቈጠርም። በኛ ቤትም ባለ ጉዳይዋ ሴት ዝም ስትል አማቷና አዋላጅዋ የሚናገሩበት ሰዓት እንዳለ አንርሳ።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ለዚህ ጥናት የሚሰማሩት ተማሪዎች፣ ከተቻለ በምጥ ቤት ለመግባት የሚፈቀድላቸው ሴቶች ተማሪዎች፣ በቤትም ሆነ በጤና ጣቢያ ከእልልታው ቁጥር አስቀድመው የሚከተለውን ቢጽፉ እወዳለሁ፤ ወላዲቱ ርዳታ የጠየቀችበትን ሰዓት፣ የጠየቀችውን ሰው፣ የጠየቀችበትን ቃል፣ የተመለሰላትንም መልስ። ካልጠየቀችም አራስነቷን ከጨረሰች በኋላ ተመልሰው ሄደው ስለ ምን እንዳልጠየቀች ራሷን ይጠይቋት።